በዓይን ጥግ

ይህ የሆነ ጊዜ ሰዓሊው ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እህቱ ግን ያኔም «አንተ ልጅ» ነበር የምትለው። በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ የእናቷን የስፌት መኪና ሽፋን ገፈፈችና ቁጭ አለች። በማግስቱ የጎረቤት ሱሪ ማሳጠር ጀመረች። ከዚያ ወንበር ላይ ለሃምሳ ሦስት ዓመት አልተነሣችም ማለት ይቻላል።

የከተማው ሰው «እትዬ መቀስ» ይላታል። ጨርቅም ትቆርጣለች፣ ነገርም ትቆርጣለች። ሙሽራ ልትለካ መጥታ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ከቆመች፣ «ልጄ፣ ተንፍሺ እንጂ! በሠርግሽ ቀን ትንፋሽሽን ለማን አደራ ሰጥተሽ ልትሄጂ ነው?» ትላታለች። ደንበኛ ግን አይሸሻትም። የእሷ ኮት የወደቀ ትከሻ ያነሣል፣ የጎበጠ ጀርባ ያቀናል ይባላል።

የሚኖሩት አንድ ቤት ውስጥ ነው። መንገዱ ላይ የሚከፈተው የፊት ክፍል የእሷ ስፌት ቤት፣ ጠባቧን ግቢ ተሻግሮ ያለው ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል ደግሞ የእሱ የሥዕል ክፍል ነው። እሷ አላገባችም። እሱ አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር፤ ሚስቱ ሁለት ዓመት ከቀለም ማቅጠኛው ከአኳራጅና ከቀለም ሽታ ጋር ስትታገል ቆይታ ተሸነፈችና ሄደች። ደህና ሴት ነበረች፤ ማንም አልፈረደባትም።

ሰዓሊው የጀመረው ታፔላ በመጻፍ ነው። የሥጋ ቤቱ በሬ፣ የጥርስ ሐኪሙ ፈገግታ፣ የጫማ ቤቱ ባለ አንድ እግር ጫማ (ለሌላው ቦታ አልበቃውም) ሁሉም የእሱ ሥራዎች ናቸው። ኋላ እህቱ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ትልቁ ከተማ ድረስ ልካ ሥዕል አስተማረችው። ተምሮ ሲመለስ የሰው ፊት መሳል እንጀራው ሆነ። በአካባቢው ትንሽ ስም ያለው ሰው ሁሉ በእሱ እጅ ተስሏል። በሥዕል ክፍሉ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ያልተቀመጠ ሐኪም የለም። የሞቱ ሰዎችንም ከመታወቂያ ፎቶ እያየ ይስላል። ጡረታ የወጡት ዳኛ ሥዕላቸው አልቆ ሲያዩት፣ «ግሩም ነው። ግን ትንሽ ቁጣ ጨምርበት» አሉት። «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ጠፍቷል።» ቅንድባቸውን በአንድ ብሩሽ ቀጨም አደረገላቸው። ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ወደ ሌላው ዓይነት ሥዕል፣ ፊትም ቤትም ዛፍም ወደሌለበት፣ የመራችው አንዲት ደንበኛ ናት። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የስድስት ዓመት ልጇ ሞታባታለች፤ በዚያው ክረምት ደግሞ ጎርፍ ቤቷ ገብቶ የነበሯትን ፎቶዎች ሁሉ ወሰደባት።

«ፊቷ እየጠፋብኝ ነው ጋሼ» አለችው። «እኔ ልንገርህና አንተ አውጣልኝ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ እየመጣች ተናገረች፣ እሱም ሳለ። አሥራ አንድ ፊት አወጣ። «አፍንጫዋ እንደዚህ ነው፤ እሷ ግን አይደለችም» እያለች መለሰችለት። በመጨረሻው ቀን ተስፋ ቆርጣ ልትነሣ ስትል፣ ቀለም የሚሞክርባት አሮጌ ሰሌዳ ላይ ዓይኗ አረፈ። አመድማ ግራጫ ላይ የፈሰሰ ፈዛዛ ብርቱካናማ ነበር።

«ይኼ!» አለች። «ማምሻውን በረንዳ ላይ ስትጫወት ልክ እንዲህ ነበረች።»

ያንኑ ክንድ በምታህል ሸራ ላይ ሠራላት። ፊት የለውም፣ ልጅ የለውም፤ ግራጫው ውስጥ ያቺ ሙቀት ብቻ። ሴትየዋ በሻርፗ ጠቅልላ፣ ሕፃን እንደታቀፈች ሁሉ ደረቷ ላይ አድርጋ ወጣች። ሰዓሊው በሩ ላይ ቆሞ እስክትሰወር ድረስ አያት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እንጀራውን ይሠራል፤ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቶ እነዚያን ይሠራል።

ሰው አልወደዳቸውም። አንድ ጊዜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ፊቶቹን በአንድ ወገን፣ ፊት የሌለባቸውን በሌላ ወገን ሰቅሎ ሕዝብ ጠራ። ሰዉ በፊቶቹ በኩል ዘመድ እየፈለገ ተጋፋ። በወዲያኛው ግድግዳ አንድ ፀጉር አስተካካይ ብቻ ቆመ፤ ከእነሱ ቤት ቀጥሎ ያለው ጎረቤታቸው ነው። ጥቂት አየና፣ «እኔማ ግድግዳው ሊቀባ ተጀምሮ በጀት ያለቀበት መስሎኝ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እህቱም ሳቀች። ማታ ራት ላይም አልለቀቀችውም፦

«ያን ሁሉ ሸራ! ለእኔ ብትሰጠኝ አሥራ ሁለት ቀሚስ ይወጣው ነበር። ይኼ የቀለም መድፊያ እንጂ ሥዕል ነው?»

እሱም ሳቀ፤ ሆዱን ግን ባሰው። ከዚያ ወዲህ የሠራቸውን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ደረደራቸው። ዓመት በዓመት እየተጨመረ አርባ ገደማ ደረሱ።

የእህቱንም ፊት ስሎ አያውቅም። ሦስት ጊዜ ለምኗታል። በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ «ሥራ አለኝ» አለችው፤ በሃምሳዎቹ «ካረጀሁ በኋላ ትዝ አልኩህ?»፤ ስልሳ ሲሞላት ደግሞ «ምን ቀረና?» ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አራተኛ አልሞከረም።

የእህቱ ዓይን መድከም የታወቀው በአንድ ነርስ ጋውን ምክንያት ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ያሰፋችውን ጋውን ወስዳ ብትለብሰው ሁለቱም እጅጌዎች የግራ ናቸው። ሥራ ቦታ ሳቁባት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ልትመልሰው መጥታ እትዬ መቀስ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ እኔን እያዩኝ ነው?»

«ታዲያ ማንን ላይ ነው?» አለች፤ የምታየው ግን የነርሷን ትከሻ ነበር።

ነርሷ ግቢውን ተሻግራ የሥዕሉን ክፍል አንኳኳች። «ጋሼ፣ እህትዎ ዓይናቸው ልክ አይደለም። ዛሬ ነገ ሳይሉ ይውሰዷቸው» አለችው።

ሰዓሊው ወደ ስፌት ቤቱ መጣና በሩ ጋ ቆመ። እህቱ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፤ መቀሱ በመዳፏ እየተመራ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከመኪናው አጠገብ ባለው የመርፌ ማስቀመጫ ላይ ክር የገባባቸው አሥር መርፌዎች ተሰክተዋል፤ አምስት ነጭ፣ አምስት ጥቁር። እህቱ ሁልጊዜ በአንድ መርፌ ነው የምትሠራው። ወጥቶ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ።

«በመርፌዎቹ ማን ነው ክር የሚያስገባላት?»

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን አንገት በፎጣ እየጠራረገ ወደ መሬት አቀረቀረ። «አስምለውኛል እኮ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ወር ሊሆነው ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት አሥር አስገባላቸዋለሁ። ሲያልቅ በግድግዳው ያንኳኩልኛል። አንድ ቀን ‹ለጋሼ ልንገረው› ብላቸው ‹ምላስህን እንደ ገበር ነው የምተረትረው› አሉኝ። ምን ላድርግ?»

ሰዓሊው የሚቀመጥበት ፈልጎ ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። አርባ ዓመት የሰው ፊት ሲያጠና ኖሯል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ሌሊት እንዳልተኛ ከቅንድብ ያነባል። በየቀኑ አብራው ቁርስ የምትበላዋን ግን አላያትም።

ዓይን ሐኪሙ ያለው በአውቶቡስ የሦስት ሰዓት መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ነው። ወጣት ሐኪም ነበር፤ ሲናገር አልቸኮለም። «እማማ፣ የደከመው የዓይንዎ መካከል ነው። ዳር ዳሩ ደህና ነው» አላት። «መንገድ ያያሉ፣ ግድግዳ ያያሉ፣ የቀለም ዓይነት ይለያሉ። ጨለማ ውስጥ አይገቡም። ግን ፊት ለፊት የሚያዩት ነገር፣ ፊደል፣ የሰው ፊት፣ የመርፌ ቀዳዳ፣ እሱ አይመለስም።»

«መርፌውንስ ተወው» አለችው። «አመሰግናለሁ ልጄ። ኮትህ ግን በግራ ትከሻው በኩል ይስባል፤ በዓይኔ ዳር አይቼዋለሁ፤ አስተካክለው።»

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ ወደ እሱ ዞረች።

«ፊትህ የለም» አለችው።

እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ።

«መካከል ላይ ጭጋግ ነገር ነው። ጆሮዎችህ ግን አሉ። እነሱስ ጥፉ ቢባሉም አይችሉም።» ሳቀች። እሱም ሊስቅ አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ መሀረቡን አወጣ። እህቱ እጁን ያዘችው። «ኧረ ተው፣ አንተ ልጅ» አለችው፤ እስኪደርሱም አልለቀቀችውም።

በዚያው ሳምንት ስፌት ቤቱን ዘጋች። የሰውን ጨርቅ ሁሉ አጣጥፋ፣ ለየባለቤቱ ልካ መለሰች። ከዚያ ቁጭ አለች። መናገርም ተወች። «ምሳ ቀርቧል» ሲላት ትበላለች፤ «ተነሺ» ሲላት ትነሣለች። ለወትሮ በአፏ የምትቆርጠው ሁሉ በሰላም ያልፋል። ፀጉር አስተካካዩ በደጃፏ ሲያልፍ ሆነ ብሎ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ፣ «ደህና አደሩ እትዬ?» ይላል፤ ምናልባት ብትሰድበኝ ብሎ። አትሰድበውም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ሰዓሊው ክንዷን ያዘና፣ «ብቻሽን ከምትቀመጪ እኔ ዘንድ ተቀመጪ፤ ቢያንስ የሚያናድድሽ ሽታ አለ» ብሎ ግቢውን አሻገራት። መስኮቱ አጠገብ ወንበር አደረገላት። እሱ የቀበሌውን ሊቀመንበር ፊት ይሠራል፤ እሷ በመስኮቱ የግቢውን ብርሃን ታያለች። አራት ቀን እንዲሁ ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ክፈፍ ፈልጎ ከግድግዳው የተደረደሩትን ሸራዎች አንድ በአንድ ወደ ጎን ያነሣ ጀመር። ከእነሱ ትልቋን አዙሮ ከመሃል ቤቱ አቆማትና ክፈፉን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«ያ ቀይ ምንድን ነው?» አለች እህቱ።

ቀና አለ። «የቱ?»

«አጠገብህ ያለው፤ ትልቁ። ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄደው።»

ሰዓሊው እንደቆመ ቀረ። እህቱ ወደ እሱ አልዞረችም፤ ፊቷ ወደ መስኮቱ ነበር።

«ወዴት እያየሽ ነው እታለም?»

«ወደ መስኮቱ። ወደሱ ሳይ ይጠፋል፤ ወደ መስኮቱ ሳይ ይመጣል። ምንድን ነው እሱ?»

«ሥዕል ነው» አለ። «የኔ ሥዕል ነው።»

«ሌላም አለህ?»

ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ሰዓሊው አርባዎቹንም አወጣ። ያን ያህል ዓመት ግድግዳ ሲያዩ የኖሩት ሸራዎች አንድ በአንድ እየዞሩ በክፍሉ ዙሪያ ቆሙ። እህቱ ከወንበሩ ተነሥታ አንዴ ጣሪያውን፣ አንዴ የበሩን መቃን፣ አንዴ የራሷን ትከሻ እያየች በዓይኗ ጥግ ትቀበላቸው ጀመር። በሰባተኛው ላይ አፏ ተከፈተ።

«ይኼኛው ስቧል።»

«ምን?»

«ሰማያዊው። ጨርቅ አግድም ስትቆርጠው እንደሚስበው ስቧል። ወደ ግራ ይወስደኛል፤ ወስዶ አይመልሰኝም። መልሰኝ እንጂ።» ወደ ቀጣዩ አለፈች። «እዚህ ጋ ደግሞ ስፌቱ ይታያል። ቢጫውንና ቡናማውን ለማገናኘት ፈርተህ ነጭ አስገባህበት አይደል? አትፍራ። አጥብቀህ ስፋቸው።»

ሰዓሊው ደሙ ፈላ። ሥዕል ተምሯል፤ እሷ የተማረችው ቀሚስ ነው። መልስ ሊሰጥ ወደ ሸራው ዞረና ነጩን አየው። ነጩን ያስገባው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር፤ ያኔ በእርግጥ ፈርቶ ነበር። እስከዚያ ቀን ማንም አላወቀበትም።

«እነዚህን ለምን ደብቀሃቸው ኖርክ?» አለች።

«አንቺ ነሽ እንጂ! ‹የቀለም መድፊያ› ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ታዲያ እኔ ስናገር ሰምተህ ታውቃለህ? ሃምሳ ዓመት ቀስ ብለህ ብላ ስልህ ያልሰማህ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ላልኩት ነገር አርባ ሥዕል ደበቅህ?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አላየኋቸውም ነበር» አለች። «ፊት ነበር የምፈልግባቸው። ፊት ሳጣባቸው ጊዜ ትቻቸው ሄድኩ።»

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ በሩ አልተዘጋም። እሱ ይቀባል፣ እሷ በጎን እያየች ትነግረዋለች። ይጣላሉ። አንድ ጊዜ ስለ አንድ አረንጓዴ ሦስት ቀን ተኳረፉ፤ ጨው ሲፈልጉ እንኳ በፀጉር አስተካካዩ በኩል ነበር የሚጠያየቁት። ሸራዎቹ እየተለቁ ሄዱ፤ ትልቅ ሲሆን የበለጠ ይታያታል። እጁም ተፈታ። በስልሳ ሁለት ዓመቱ፣ ታፔላ ይጽፍ እንደነበረበት ዘመን፣ ጠዋት ሳይቀሰቅሱት ይነሣ ጀመር።

አንድ ቀን ብሩሽ እያጠበ ሳለ፣ «እንግዲህ ሳለኝ» አለችው።

ብሩሹን ከጣሳው ውስጥ ተወው። «ፊትሽን?»

«ታዲያ ጀርባዬን?»

«ሦስት ጊዜ ለምኜሽ እምቢ ብለሻል። ዛሬ ምን ተገኘ?»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስተኛቻቸው። «ሰው እኔ ፊት ሲቆም እለካዋለሁ። ማን ትከሻው እንደወደቀ፣ ማን አንድ እግሩ እንደሚያጥር፣ ማን ሐዘን ላይ ሆኖ ሁለት ቁጥር እንደቀነሰ አውቃለሁ። አውቄ ዝም እላለሁ። አንተም ሰውን እንደዚያ ነው የምታየው። የኔን እንድታይብኝ አልፈለግሁም።»

«ምንሽን?»

«ድካሜን» አለች።

በግቢው ውስጥ የታጠበ ልብስ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሳሳድግህ አንድም ቀን ደከመኝ ብዬህ አላውቅም» አለች። «ልጅ ነህ፤ ከሰማህ ሸክም የሆንክብኝ ይመስልሃል። ከዚያ ተማሪ ሆንክ፣ ከዚያ ሚስትህ ሄደች፤ መናገሪያው ጊዜ መቼም አልመጣም። አፌን መዝጋት እችላለሁ። ፊቴን ግን እንዴት አድርጌ ልዝጋው? ትቀመጥና ታገኘዋለህ ብዬ ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁን እኔ አላየውም፤ የምታየው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ አድገሃል።»

በማግስቱ ጠዋት ወንበሩን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አስቀመጣት። አሥራ አራት ቀን ፈጀበት፤ የዳኛውን በአራት ቀን ነበር የጨረሰው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሰል ይዞ ቆሞ ያያታል እንጂ ሸራውን አይነካውም። በቅንድቦቿ መካከል ያለውን መስመር አየ፤ ወደ መርፌ ቀዳዳ ሃምሳ ሦስት ዓመት አተኩራ ስታይ የተቆፈረ ነው። ከንፈሯን በግራ በኩል ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ስትሰፋ ስፒሎቹን የምትነክሰው እዚያ ነው፤ ዛሬ ስፒል ሳይኖርም ይዛዋለች። ከዓይኖቿ ሥር ደግሞ ያ የነገረችው ድካም ነበር። ተደብቆ አልነበረም። ሁልጊዜም ቁርስ ላይ እፊቱ ነበር።

በስድስተኛው ቀን እጁ አልታዘዝ አለው። ብሩሹን አስቀምጦ፣ «ትንሽ እንረፍ» አላት።

ድምፁን ሰምታ ነገሩ ገባት። ከኪሷ የልብስ መለኪያ ሜትሯን መዘዘች፤ ስፌት ቤቱን ብትዘጋም ሜትሩ ከኪሷ ወጥቶ አያውቅም። «ና ወዲህ። አንተ ስትለካኝ ሰነበትክ፤ ተራው የኔ ነው» ብላ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። በጣቶቿ እየዳበሰች ከጆሮው እስከ ጆሮው፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ፣ የአንገቱን ዙሪያ ለካችው፤ ሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ስለማይታያት በአውራ ጣቷ እየሰፈረች ትቆጥራለች።

«አንገትህ ቀንሷል። ምን እየበላህ ነው?»

«አንቺ የምትበዪውን።»

«ግንባርህ ወደ ኋላ ሸሽቷል።»

«እሱስ ድሮ ነው የሸሸው።»

«እዚህ ጋ ደግሞ» አለችና አውራ ጣቷን ጉንጩ ላይ አሳረፈች፤ «እዚህ ጋ የአባታችንን መጨማደድ አውጥተሃል። መቼ ነው ያወጣኸው? አልነገርከኝም።»

ከዚያ በኋላ እጁ ታዘዘለት። በአሥራ አራተኛው ቀን ማለዳ የመጨረሻውን ብሩሽ አሳርፎ ወደ ኋላ ራቀ።

«አለቀ?» አለች።

«አልቋል።»

«ይታያል? ድካሙ?»

ሊዋሻት ፈለገ፤ ተወው። «ይታያል።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው። ግን ታምሪያለሽ እታለም።»

«አሁን ዋሸህ» አለች፤ ደስ ግን ብሏት ነበር፤ ፀጉሯን በእጇ ወደ ኋላ ሰበሰበችው።

በዚያው ዓመት አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ኃላፊዋ ሰዓሊውን ጠርታ፣ «ከፊቶቹ ሃያ ያህል ስጠን» አለችው። «አንድ ፊት እሰጥሻለሁ» አላት። «የቀረውን ግድግዳ ለትልልቆቹ ልቀቂልኝ።» ኃላፊዋ ቅር ቢላትም እሺ አለች። የእህቱን ምስል በሩ ፊት ለፊት ሰቀለው፤ በግራና በቀኝ ስምንት ታላላቅ ሸራዎችን።

ሕዝቡ መጣ። እንደ ድሮው ፊት ፍለጋ አንድ ጊዜ ዞሮ፣ አንዷን አይቶ፣ ሊወጣ ሲል እትዬ መቀስ መሃል አዳራሹ ላይ ቆማለች፤ ራሷ የሰፋችውን የመጨረሻ ኮቷን ለብሳለች።

«ወዴት ነው?» አለች ጮክ ብላ። «ማንም አይወጣም። ኑ፣ እዚህ ቁሙ። ፊት ለፊት አትዩት። መስኮቱን እዩ። መስኮቱን! ሥዕሉ ራሱ ይመጣላችኋል።»

እሷን እምቢ ማለት ያልለመደ ሰው ነውና ሁሉም ቆመ። ከውጭ ለሚያይ ጉድ ነው፤ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ጀርባውን ሊሰጥ ምንም ሳይቀረው ባዶ መስኮት ላይ አፍጥጧል። ጡረታ የወጡት ዳኛ አንገታቸውን አጣመው ጥቂት ቆዩና፣ «ተነሣ! ከታች ተነሣ!» ብለው ጮኹ። አንዲት አስተማሪ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የሳቀ ነበር፤ ምንም አልታየኝም ያለም ነበር። ግን ማንም አልወጣም።

ፀጉር አስተካካዩ ሌሎቹን ትቶ በሩ ፊት ለፊት ያለው ምስል ጋ ቆሞ ነበር። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ እትዬ መቀስ ቀረብ አለ።

«እትዬ» አለ፤ ለወትሮ የሚቀልደው ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እዚህ ላይ ደክሞዎታል።»

በአጠገባቸው የነበሩት ዘወር አሉ። ሰዓሊው ከአዳራሹ ማዶ ሆኖ እህቱን አየ። በአፏ ጥግ የሚቆርጥ መልስ እንደተዘጋጀ ታወቀው። ግን አልመጣም። ስፒል የምትነክስበት ከንፈሯ ቀስ ብሎ ላላ።

«አዎ» አለች፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ደክሞኛል።»

ነርሷ ወንበር ይዛ ስትመጣ፣ ዳኛው ኮታቸውን አውልቀው መደገፊያው ላይ ደረቡላት። እትዬ መቀስ ተቀመጠች። እግሮቿን ዘረጋች፤ በከተማው ውስጥ ማንም እግሯን ዘርግታ አይቷት አያውቅም። ሰዉ ያየውን ሊነግራት በዙሪያዋ ተሰበሰበ። አንዱ እሳት ነው አላት፣ አንዷ የእናቴ ቀሚስ ነው አለቻት፤ ለሁሉም «እሺ፣ ይሁን» እያለች አዳመጠች። ያን ቀን ማንንም አላረመችም።

ሥዕሎቹ እዚያው ቀሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጤና ጣቢያው ለመተላለፊያው ግድግዳ አንድ ትልቅ ሸራ እንዲሠራለት ጠየቀ። ሰዓሊው ከነርሷ ጋር ተነጋግሮ ቤት ሲገባ እህቱን በራፍ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀች አገኛት።

«ምን አሉህ?»

«የወደድከውን ሥራ አሉኝ። ትልቅ ይሁን ነው የሚሉት።»

«ምን ያህል ትልቅ?»

«እሱን አንቺን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

እትዬ መቀስ ተነሣች። ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ ግራ እጇንም ዘረጋች፤ አንደኛው የበሩን መቃን ነካ፣ ሁለተኛው ግን በአየር ላይ ቀረ።

«ና፣ ይኼን እጄን ያዝልኝ» አለችው፤ «ከኔ ቀጥለህ አንተ ዘርጋ።»